ሰሌዳውን የያዙ ብቻ

"አቁም ሳምሶን! መሮውን አንሣ!"

ሳምሶን መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። "ክቡር" ከሚለው ቃል የመጨረሻዋን ፊደል ለመጨረስ ሁለት ምት ነበር የቀረው። በዛወርቅን ያስጮኻት ድንጋዩ አልነበረም፤ የክልሉ ፕሮቶኮል ሹም ሚሊዮን ወረቀት እያውለበለበ በሱቋ በር ሲገባ አይታው ነው። ሚሊዮን ወረቀት ይዞ በመጣ ቁጥር ድንጋይ መቅረጽ ከንቱ ልፋት መሆኑን ካወቀች ሁለት ወር አልፏታል።

"ደግሞ ምን ተገኘ?" አለችው።

"ቅደም ተከተሉ ተቀይሯል፣ እትዬ በዛወርቅ። የእኛ ክቡር ከላይ ይሆኑና የፌዴራሉ ክቡር ከታች።"

"ትናንት የፌዴራሉ ከላይ ይሁን ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?"

"ትናንትማ ትናንት ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ነበር።"

እንግዲህ ይኼ ሦስተኛው እብነበረድ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የተቀረጸው የክልሉ ክቡር ብቻቸውን ይመርቃሉ በተባለ ጊዜ ነበር፤ አሁን በበዛወርቅ ጓሮ ልብስ ይታጠብበታል። ሁለተኛው የፌዴራሉ ክቡር ብቻቸውን ይመርቃሉ ሲባል ተቀረጸ፤ እሱ ደግሞ የጎረቤት ዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኗል። ክቡራኑ አላወቁም እንጂ ስማቸው ቦንጋ ውስጥ መልካም አገልግሎት እየሰጠ ነው።

በዛወርቅ መናኸሪያው አጠገብ የማስታወቂያ ሥራ ሱቅ ከከፈተች አሥራ አራት ዓመት ሆናት። ባነር ታትማለች፣ ማኅተም ትሠራለች፣ የመቃብርና የምረቃ ድንጋይ ታስቀርጻለች። ከሟችና ከባለሥልጣን የትኛው ደንበኛ ይሻልሻል ቢሏት ሟች ትላለች። ሟች አንዴ ከተቀረጸ ስሜ ከማን ስም በላይ ነው ብሎ አያስፍቅም።

የሚመረቀው ድልድይ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በማንኪራ አቅጣጫ ካለው ጫካ ሥር ነው። ሠላሳ ሜትር አይሞላም፣ ግን ዝሆን ቢሄድበት የማይነቃነቅ ኮንክሪት ነው። ተሠርቶ ያለቀው በጥር ነበር፤ አሁን ግንቦት ሊያልቅ ነው። አራት ወር ሙሉ በሁለቱም ጫፍ ገመድ ተወጥሮበት፣ ዘበኛ ቆሞበት፣ እንኳን ሰው ዶሮ አይረግጠውም። ለምን? አልተመረቀማ! መጀመሪያ የሚረግጡት ክቡራን መሆን አለባቸው። ገንዘቡ የመጣው ከፌዴራል ነው፤ ቦታው ያለው በክልሉ ነው፤ ስለዚህ ሪባኑን ማን ይቁረጥ የሚለው አልተቋጨም። የማዶ ሰዎች በገዛ እጃቸው ሠርተው ሃያ ዓመት የተሻገሩበት የግንድ ድልድይ ነበራቸው፤ እሱንም "ለፎቶ አያምርም" ተብሎ ተቋራጩ ነቅሎ ጣለው። ከዚያ ወዲህ የማዶ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ልብሱን ሰብስቦ፣ አዲሱን ድልድይ ቀና ብሎ እያየ ከሥሩ በውሃ ይሻገራል። አገሩን የማያውቅ ሰው ቢመጣ ድልድዩን ለጥላ የተሠራ ይመስለዋል።

አሁን ግን ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጥሎ ውሃው ደረት ደርሷል። ትናንት አንድ ወይፈን ይዞ ሄዷል። የበዛወርቅ አባት ጋሽ ወልደሥላሴ ደግሞ ማዶ ናቸው።

ጋሽ ወልደሥላሴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉና ማር ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ግራ ዐይናቸው ከጠፋ ቆየ። ቀኙን ሞራ እየጋረደው አሁን ልጃቸውን እንኳ የሚለዩዋት በድምፅዋ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የሐኪሞች ቡድን ሆስፒታል ውስጥ የዐይን ሞራ በነጻ እየገፈፈ ነው። ሰው የሰማው ከትናንት ወዲያ፤ ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ ስድስት ሰዓት። ቡድኑ የሚመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ከተመለሰ። እስከዚያ ያቺ አንዷ ዐይን እንደማትቆይ በዛወርቅ ታውቃለች። አባቷ ዛሬ ካልተሻገሩ ጨለማ ውስጥ ሊቀሩ ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሚሊዮን ጋ ደውላ አንድ ሽማግሌ በድልድዩ ላሳልፍ ብትለው፣ "ርክክብ ስላልተደረገ ሥልጣኑ የፌዴራሉ ነው" አላት። የፌዴራሉን ተወካይ ይዲድያን ብትለምነው ደግሞ፣ "እሱ በክልሉ ሥልጣን ውስጥ ነው፤ እኛ ጣልቃ አንገባም" አላት። አይ ትሕትና! ሰው ማሳለፍ ሲሆን ሥልጣኑን አንዱ ለሌላው ያጎርሰዋል፤ ስም ማስቀረጽ ሲሆን ግን ከአፍ ይነጣጠቁታል።

ይዲድያ ራሱ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ሆቴሉ ቁርሱን በልቶ፣ ነጭ ሸራ ጫማው ላይ የነካውን ጭቃ በሶፍት እየጠረገ ገባ። ቦንጋ ሦስት ሳምንት ሲቀመጥ ከጭቃው ሌላ ያየው ነገር ያለ አይመስልም።

"ሚሊዮን፣ ከላይ የእናንተ ሰው ሆኑ የሚባል ወሬ ሰማሁ" አለ።

"ወሬ ሳይሆን ውሳኔ ነው።"

"የማን ውሳኔ? ድልድዩ የቆመበት ወንዝ ጎጀብ ይገባል። ጎጀብ ክልል ያዋስናል፣ ክልል ያቋርጣል። ክልል አቋራጭ ወንዝ በአንቀጽ ሃምሳ አንድ የማን ነው? የፌዴራል!"

"መሬቱስ? አንቀጽ ሃምሳ ሁለት መሬት የሚያስተዳድረው ክልል ነው ይላል። ድልድይህ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነው እንዴ የቆመው? ሁለቱም እግሩ ያረፈው የእኛ መሬት ላይ ነው።"

"መሬትም ቢሆን በፌዴራል ሕግ መሠረት ነው የምታስተዳድሩት።"

"እንግዲያው ውሃህን ጠቅልለህ ውሰድና ዳር ዳሩን ለእኛ ተውልን!"

ሳምሶን መሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ያያል። በዛወርቅ ደሟ ፈላ። ከሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች የሚያውቁት እነዚህን ሁለት አንቀጾች ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እነሱንም የሚያስታውሷቸው ሪባን ሲኖር ነው። ያ ድልድይ ነገ ቢሰነጠቅ ሚሊዮን ሃምሳ አንድን፣ ይዲድያ ሃምሳ ሁለትን እየጠቀሱ ሲሸሹ ታይቷታል። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ከሩብ ሆኗል።

"ሁለት ሰሌዳ ይሁናላ!" አለች በንዴት። "አንዱን ወዲህ ጫፍ፣ አንዱን ወዲያ ጫፍ ትከሉት። ሁለት ሪባን፣ ሁለት መቀስ። ሁላችሁም ቁረጡ፣ ሁላችሁም ርገጡ፣ እኛም እንረፍ!"

ልትሳደብ ነበር እንጂ ሐሳብ ልታቀርብ አልነበረም። ሁለቱ ግን ተያዩ። ይዲድያ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

"ሁለት መቀስ..." እያለ ጻፈ።

"አይከፋም" አለ ሚሊዮን። "በእኩልነት መርህ ላይ የተመሠረተ ነው።"

ወይ ጉድ! በዛወርቅ ሳቋን ልትለቀው ስትል ማዶ ያሉት አባቷ ትዝ አሏትና ሰዓቷን ደግማ አየች። ሁለቱ ቀጥለው በማዶኛው ጫፍ ማን ይቁም በሚለው ተያያዙ። የከተማው ወገን መኪና ይደርሰዋል፣ ድንኳን ይተከልበታል፤ የማዶው ወገን ጭቃና ጫካ ነው። ማንም አልፈለገውም። በመጨረሻ የክልሉ ክቡር የአገሩ ባለቤት ስለሆኑ ማዶ ቆመው እንግዳቸውን ይቀበሉ ተባለ።

"እሺ፣ የእናንተ ሰውስ ማዶ በምን ይደርሳሉ?" አለች በዛወርቅ። "ያልተመረቀውን ድልድይ ረግጠው ነው?"

ዞሮ የሚገባው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ጭቃ ነው፤ በዚህ ዝናብ ትራክተር እንኳ ይሰምጣል። "እሱን በኮሚቴ እናየዋለን" አለ ሚሊዮን።

"እናንተ በኮሚቴ እስክታዩት እኔ የማዶውን ሰሌዳ ዛሬውኑ ልትከል። የሁለቱም ተቀርጾ ያለቀ ሰሌዳ አለኝ።"

"የት ነው ያለው?"

"መጋዘን።"

ሳምሶን ፊቱን አዞረ። በዛወርቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። "ለዘበኛው የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። እናንተ ንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

በሁለት መስመር ደብዳቤ ላይ አርባ ደቂቃ ፈጁ። ሚሊዮን "ሁለት ሠራተኞች" ይባል አለ። ይዲድያ የሠራተኛ ቁጥር የሚወስነው በጀቱን የያዘው አካል ነው አለ። ሚሊዮን በክልላችን የሚሠራ ሰው ቁጥር አዲስ አበባ ልትወስን ነው እንዴ ብሎ ወንበሩን ገፋ። ስለዚህ ቁጥሩ ወጣ። በዚያ ምትክ ይዲድያ ጥንቃቄ ይደረግ ብሎ "ብቻ" የሚል ቃል አስጨመረ። በመጨረሻ ደብዳቤው፣ "ለምረቃው የተዘጋጀውን ሰሌዳ የያዙ ሠራተኞች ብቻ በድልድዩ ላይ እንዲያልፉ የተፈቀደ መሆኑን እንገልጻለን" የሚል ሆነ። ሁለቱም ፈረሙ፤ ሚሊዮን ማኅተሙን ከታች በስተግራ፣ ይዲድያ ቲተሩን በስተቀኝ አሳረፉ። ከሁለቱ ማኅተሞች የትኛው ከፍ እንዳለ በዓይናቸው ለክተው ወጡ።

በዛወርቅና ሳምሶን ጓሮ ወርደው የልብስ ማጠቢያውን አነሡት። የሳሙናው አረፋ የክልሉን ክቡር ስም ሞልቶት ነበር። በውሃ አለቀለቁት፤ እንዲያውም ከሰሌዳዎቹ ሁሉ የጠራው እሱ ነው። ከግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር የጭነት ባጃጅ ላይ ጫኑት።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። በከተማው ወገን የማዶ ትምህርት ቤት መምህር የሆነው ኢያሱና ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ውሃው እስኪጎድል ጃንጥላና የሙዝ ቅጠል ደፍተው ተቀምጠዋል። መምህሩ የፈተና ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልሎ ታቅፏል። በማዶኛው ገመድ ሥር ደግሞ ቁጥራቸው የሚበልጥ ሰዎች ቆመዋል። በዛወርቅ አባቷን ወዲያው ለየቻቸው። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው ድምፅ አዙረው፣ ከጎረቤታቸው ከተሾመች ጎን ቆመዋል። ከማለዳ ጀምረው እዚያው ናቸው።

ዘበኛው ጋሽ ኃይለሚካኤል የድሮ ወታደር ናቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ማኅተሞቹን አዩ፣ ጮክ ብለው አነበቡ።

"ሰሌዳውን የያዙ ሠራተኞች ብቻ" አሉ ደግመው። "የታለ ሰሌዳው?"

"ይኸው ባጃጁ ላይ።"

"ያዙታ!"

ይዞ ለመሄድ ለሁለት ሰው ከበደ። በዛወርቅ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ዞር ብላ "አንድ ጊዜ እጃችሁን" ስትል መምህር ኢያሱ ተነሣና አንዱን ጥግ ያዘ፤ አንድ የኮረሪማ ነጋዴ ሌላውን ያዘ። ጋሽ ኃይለሚካኤል አራቱን በየተራ ተመለከቱ፣ ወረቀቱን ተመለከቱ፣ ገመዱን አወረዱ።

አራት ወር የተጠበቀው ድልድይ በአራት ጭቃማ ጥንድ እግር ተረገጠ። ምንም አልሆነም፤ ሰማይ አልተደረመሰም፤ ፌዴሬሽኑም አልፈረሰም።

ማዶ ሲደርሱ ሰሌዳውን አስቀመጡት፤ ሳምሶንም በጀርባው ያዘለውን ሲሚንቶና ቆርቆሮውን አወረደ። መምህሩ ፈተናውን ታቅፎ "እግዜር ይስጥልኝ" እያለ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ፣ ነጋዴውም ተከተለው። በዛወርቅ አባቷን አቀፈች።

"አባዬ፣ ብርድ ገደለህ አይደል?"

"ብርዱስ ደህና ነው፤ መቆሙ ነው" አሉ በካፊኖኖ ቋንቋ። እጃቸውን ዘርግተው እብነበረዱን ነኩ። የጣታቸውን ጫፍ በፊደሎቹ ጉድጓድ ውስጥ አስኬዱ። "ምን ይላል?"

"የትልቅ ሰው ስም ነው። ድልድዩን የሚመርቁት።"

"ድንጋይ ሲሸከሙ ነበሩ?"

"የለም አባዬ።"

"እኛ ለድልድዩ መዳረሻ መንገድ ሁለት ወር ድንጋይ ስንሸከም የሁሉንም ድምፅ አውቅ ነበር" አሉ። "እሳቸውን አላስታውስም ብዬ ነው እንጂ ለክፉ አይደለም።"

ተሾመች ሳቀች። በዛወርቅ ግን አልሳቀችም። ሳምሶን ባዶ ቆርቆሮውን ውሃ ሞልቶ መጥቶ ሲሚንቶውን ሊያቦካ ነበርና ወደ እሱ ስትዞር ጋሽ ኃይለሚካኤል ከወዲያኛው ጫፍ ሲጮኹ ተሰሙ።

"ልብ አድርጉ! ስትመለሱም ሰሌዳውን ያልያዘ አያልፍም! ወረቀቱ እንዲያ ነው የሚለው!"

ሳምሶን ቆርቆሮውን አስቀመጠ። "እትዬ፣ ከተከልነውማ..."

"አዎ" አለች በዛወርቅ። ከተከሉት ማንም አይመለስም። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሰሌዳ የያዘ ሠራተኛ የሚባል ፍጡር አይኖርም፤ እሷም፣ ሳምሶንም፣ አባቷም ከሰሌዳው ጋር ማዶ ይቀራሉ። ሁለቱ ጌቶች በአርባ ደቂቃ ክርክር ሰሌዳውን ማሻገር ብቻ ፈቅደው፣ የተከለው ሰው በምን እንደሚመለስ አላሰቡም። መመለስማ የየትኛው አንቀጽ ነው!

"አንሣው" አለች። "አባዬ፣ ይኼን ጥግ ያዝ። ተሾመች፣ አንቺ በዚህ በኩል። ሳምሶን፣ ክብደቱን አንተ ውሰድ።"

ጋሽ ወልደሥላሴ ዱላቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ድንጋዩን በሁለት እጅ ያዙ። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ ዳገት ሲወጡ የኖሩ እግሮቻቸው ለጥ ባለው ኮንክሪት ላይ ግራ ተጋብተው በእንብርክክ ሊሄዱ ምንም አልቀራቸውም። በዛወርቅ "ደልዳላ ነው፣ ግድ የለም፣ ሂድ" እያለች አራተኛውን ጥግ ይዛ ከጎናቸው ትመራቸዋለች። በዚያ ሰዓት በሆዷ የምትሳደበውን ስድብ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሆና ያደገች ሴት ከየት እንዳመጣችው ለራሷም ገረማት።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ገመዱ ጋ ቆመው ጠበቁ። "ምነው መለሳችሁት?"

"ማጽጃ ይፈልጋል" አለች።

"እኚህ አባትስ? ሠራተኛ ናቸው?"

"ሰሌዳውን ይዘዋል አልያዙም?"

ዘበኛው የሽማግሌውን ድንጋዩን የጨበጡ ጣቶች፣ ሞራ የጋረደውን ዐይን፣ ከዚያ ወረቀቱን ተመለከቱ። ነገሩ ያልገባቸው ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይዘዋል" አሉና ገመዱን አወረዱ።

በዛወርቅ አባቷን ባጃጁ ላይ አስቀምጣ ሰዓቷን አየች፤ አምስት ከሩብ። ይደረሳል። በዚህ መሃል ግን ከማዶ ድምፅ ይመጣ ጀመር። ሁለት ዐይናቸው የነጣ አሮጊት ልጃቸው ትከሻ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከአጠገባቸው ዐይኑን በጨርቅ የሸፈነ ገበሬ አለ፤ ኮረሪማ በቅርጫት የያዙ ሴቶች፣ አንድ የታመመ ፍየል የሚጎትት ሰውዬም አሉ። ሁሉም የሚያዩት ድልድዩን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው።

"እኛስ?" አለ አንዱ። "ለእኛ አታመጡልንም?"

በከተማው ወገን የቀሩት ሰዎችም ተነሥተው ድንጋዩን ከበውታል። እነሱም ቤታቸው ማዶ ነው። አንዲት ሴት እሺ ሳትባል አንዱን ጥግ ይዛ ጎንበስ ብላለች።

የበዛወርቅ ስልክ ጮኸ። ሚሊዮን ነው።

"እትዬ በዛወርቅ፣ ተተከለ? ፎቶውን ቶሎ ላኪልኝ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ለአለቃዬ ማሳየት አለብኝ። እነ ይዲድያ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ የእኛ መተከል አለበት። አንዴ ከተተከለ ማን ይነቅለዋል?"

"አልተተከለም።"

"ምን ትጠብቂያለሽ? ይተከል እንጂ!"

በዛወርቅ ሰዎቹን አየች። ለሳምሶን ትታለት ብትሄድ ሰሌዳውን አሻግሮ በግማሽ ሰዓት ይተክለዋል። ፎቶው ይላካል፣ ሚሊዮን ይመሰገናል፣ የክልሉ ቢሮዎች ባነር እንደ ወትሮው ሱቋ ይመጣል። እነዚያ አሮጊት ግን እዚያው ገመድ ሥር ይቀራሉ። የሷ አባት ተሻግረዋል፤ የሰው አባትና እናት አልተሻገሩም። ነገሩ በጣም ቀላልና በጣም አስቀያሚ ነበር።

"ሚሊዮን፣ ስማኝ" አለች። "ሰሌዳው ዛሬ አይተከልም። ነገም አይተከልም።"

"እንዴት? ምን ማለትሽ ነው? እትዬ በዛወርቅ፣ እኔ እኮ እንደ እህቴ ስለማይሽ ነው ሥራውን ሁሉ ለአንቺ የማመጣው። ሌላ ሱቅ የለም እንዳትዪ። ከእንግዲህ ከክልሉ አንዲት ባነር ታገኚያለሽ?"

ደነገጠች። አልዋሸም፤ ከሥራዋ ግማሹ የመንግሥት ነው። ልጇ ሃሌሉያ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። በውስጧ ፈጥና አሰላችው፤ ፈጥኖም አመማት። ከዚያ አባቷን አየቻቸው። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠው እጃቸውን በጋቢያቸው እያሹ ወደ ድምፅዋ ዞረዋል።

"አላገኝም" አለችው። "ቻው ሚሊዮን።"

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደብዳቤውን ከጋሽ ኃይለሚካኤል ልትቀበል እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

"ወረቀቱ እርስዎ ጋ ይቆይ፣ ጋሽ ኃይለሚካኤል።"

"እኔ ጋ ነው መቆየት ያለበትም" አሉ። አጣጥፈው ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። "እስኪሻር ድረስ ይሠራል። የሚሽረው ደግሞ የፈረሙት ሁለቱም ሲስማሙ ነው።"

"እሱማ ዘመን ይፈጃል።"

"እኔም የት እሄዳለሁ" አሉ ዘበኛው።

አራት ሰዎች ሰሌዳውን አነሡት። ሳምሶን አብሯቸው ቆሞ "እናንት ሰዎች፣ በጠርዙ ሳይሆን ከሥሩ ያዙት፣ ይሰበራል" እያለ ያስተካክላል። ገመዱ ወረደ። የክልሉ ክቡር ስም ወደ ሰማይ ተንጋሎ፣ ዝናብ እየጣለበት፣ ከአራት ሰው ጋር ወደ ማዶ ሄደ። ማዶ ያሉት ከአሁኑ ማን ቀድሞ እንደሚይዝ ይነጋገራሉ፤ አሮጊቷን ከፊት አድርገዋቸዋል።

"እትዬ" አለ ሳምሶን ወደ ባጃጁ መጥቶ። "እኔ ልቅር? ከማዶ ወደ ሐኪም የሚሄዱ ሰዎች አሉ፣ አግዛቸዋለሁ። ማታ ሲጨርሱ ደግሞ ያው ልተክለው እችላለሁ፤ ሚሊዮንም ዝም ይላል።"

መሬት ላይ፣ ከገመዱ አጠገብ፣ ግማሽ ከረጢቱ ሲሚንቶ አለ። ሳምሶን ከማዶ ሲመለስ በጀርባው አዝሎት ነው የመጣው። አፉ እንደታሰረ ነው። በዛወርቅ ትንሽ አየችው።

"ቅርና አግዛቸው" አለችው።

ከዚያ ጎንበስ አለችና ሲሚንቶውን ራሷ አነሣችው። ቀሚሷ ላይ እየተነነ፣ እያቃሰተች ተሸክማ ባጃጁ ላይ፣ ከአባቷ እግር ሥር አስቀመጠችው። መሮውንና የሲሚንቶ ማንኪያውንም ከሳምሶን እጅ ተቀብላ አጠገቡ ወረወረች።

"ምንድን ነው ይሄ የከበደ?" አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ በእግራቸው እየዳሰሱ።

"የቤት ዕቃ ነው አባዬ። እግርህን አንሣ።"

ከጎናቸው ተቀመጠችና ለሹፌሩ "ሆስፒታል፣ ቶሎ በል" አለችው።